ውዱ የፈረንሳይ ወይን መጨረሻ ሲወጣ

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምንኖር ስምንት ጓደኛሞች ነን። በወር አንዴ በየቤታችን በየተራ እየተሰበሰብን ቀይ ወይን እንቀምሳለን። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልለን፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳናውቅ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ሰጠን። አምስቱ የፈረንሳይ ናቸው፤ ስድስተኛው የቤቱ ባለቤት ሳይነግረን የቀላቀለው የዝዋይ ወይን ነበር። የስምንታችንን ደረጃ ስንደምር (ትንሽ ቁጥር ይሻላል) የዝዋዩ 22 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሴንት ኤሚሊዮን 26፣ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ 26፣ ተራው ቦርዶ 29፣ ዤቭሬ ሻምበርታን 31 አገኙ። አዋጥተን የገዛነው የ2016 (እ.ኤ.አ.) ፖያክ ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ እሱ ግን 34 አግኝቶ ጭራ ሆነ። አንዱ ጓደኛችን «ፎርጅድ ነው» ይላል። ሌላው «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ያበላሸው» ባይ ነው። አንዷ ደግሞ «እኛ ጣዕም አናውቅም» ብላ ክበቡን ልትተው ነው። የማን ነው ትክክል? ሁለተኛ የፖያክ ጠርሙስ ሳይከፈት ተቀምጧል፤ ምን እናድርገው? (የቀዳው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እሱም ደረጃ ሰጥቷል። ስንቀምስ ጥብስ እየበላን ነበር።)

ምላሽ፦ ድምሮቹን አንድ በአንድ ስላሰፈሩልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «እገሌ አሸነፈ» ብቻ ብሎ ስለሚጠይቅ መልሱም ግምት ሆኖ ይቀራል። ጓደኞችዎ ካቀረቧቸው ሦስት ምክንያቶች አንዱም አላሳመነኝም። ልትተው ያሰበችው እህታችን ደግሞ እባክዎ ይህን ሳታነብ እንዳትወስን።

ከወይኑ በፊት ቁጥሮቹን እንያቸው። ስምንት ሰው ከ1 እስከ 6 ሲያድል ጠቅላላ ድምሩ 168 ይሆናል፤ ለስድስቱ ወይኖች እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 28 ይደርሰዋል። አሁን ስምንታችሁም አንድ ጠብታ ሳትቀምሱ፣ ዕጣ እያወጣችሁ ወረቀቱን ሞላችሁት እንበል። ስድስቱ ድምሮች 28 ላይ አይቆሙም፤ ይበታተናሉ። የአንድ ወይን ድምር አብዛኛውን ጊዜ በ18 እና በ38 መካከል የትም ሊያርፍ ይችላል። በአንደኛውና በመጨረሻው መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 13 ገደማ ይሆናል። የእናንተ ርቀት ከ34 ላይ 22 ሲነሳ 12 ነው። በዕጣ ብቻ ከሚገኘው አይበልጥም ማለት ነው። ስለዚህ በዚያች ምሽት የዝዋዩ አላሸነፈም፣ ፖያኩም አልተሸነፈም። ክርክሩ የተነሳው ገና ባልተገኘ ውጤት ላይ ነው።

ይህ ግን «ምላሳችሁ አይሠራም» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ የተቀራረበ ድምር በሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን በደንብ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን የምትወዱት ይለያያል። አንዱ ለስላሳና ፍሬያማ ነገር ይወዳል፣ ሌላው አፍ የሚይዝ ጠንካራ ወይን ይመርጣል፤ ሲደመር እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቀማሽ ከራሱ ጋር አይስማማም፤ ያንኑ ወይን መልሰው ቢቀዱለት ሌላ ደረጃ ይሰጠዋል። የድምሩ ሰንጠረዥ እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም። ጓደኛችሁ «ጣዕም አናውቅም» ስትል ሁለተኛውን ነው የያዘችው፤ ነገር ግን ይህን የሚያሳይ አንድም ነገር በእጃችሁ የለም። ልታገኙት ትችላላችሁ፣ መንገዱም ቀላል ነው፤ ከወይኖቹ አንዱን ሁለት ጊዜ መቅዳት።

ይህን የሠራበት ሰው አለ። ሮበርት ሆጅሰን በካሊፎርኒያ የራሱ ወይን ማምረቻ ያለው ጡረተኛ ፕሮፌሰር ነው። ወይኖቹ በአንዱ ውድድር ወርቅ እያገኙ በሌላው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ነገሩ ከነከነው። በካሊፎርኒያ ስቴት ፌር የወይን ውድድር ላይ ለዳኞቹ ከአንዲት ጠርሙስ የተቀዳ ወይን በአንድ ዙር ውስጥ፣ ከሌሎች ወይኖች ጋር ተቀላቅሎ፣ ሦስት ጊዜ እንዲቀርብላቸው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት መሠረት ሦስቱንም ብርጭቆ በአንድ የሜዳልያ እርከን ውስጥ ያስቀመጡት ከዳኞቹ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚህ በሙያው የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ዓመት የተዋጣለት ዳኛ በቀጣዩ ዓመት ያው ሆኖ እንደማይገኝም አሳይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው «ቅምሻ ከንቱ ነው» የሚለውን አይደለም። አንድ ቀማሽ ዛሬ ማታ ከራሱ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ሳይታወቅ የሰጠው ደረጃ አይደመር ነው የምለው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ እንግዶች አይደለንም። በቡና ቅምሻ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል፤ ቀማሹ አምስቱንም እየማገ ወጥነታቸውን ይመዝናል። በምርት ገበያው የቡና ምርመራ ክፍልም ናሙናው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ኮድ ይዞ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጻፍበትም። ይህን ሥርዓት የሚያውቁ ባለሙያዎች በሞሉባት ከተማ የወይን ክበቦች ጠርሙስ በጋዜጣ መጠቅለል ብቻ ይበቃናል ብለው መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ወይን አዘጋጁና ብርጭቆው ስድስት ይሁን፤ አንዱ ወይን ሁለት ቦታ ይግባ። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ቀጂው ብቻ ነው፣ እሱም በዚያ ማታ ዳኛ አይሆንም። በ75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ስምንት ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ለማዳረስ ለአንድ ብርጭቆ 40 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ በተለመደው 50 ከቀዳችሁ ጠርሙሱ ሳያዳርስ ያልቃል። ደረጃው ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ መንትዮቹን የት እንዳስቀመጣቸው ይታይ። ጎን ለጎን ካደረጋቸው ያ ሰው በዚያ ማታ የተናገረውን ሁሉ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። አንዱን አንደኛ፣ ሌላውን ስድስተኛ ካደረገ ወረቀቱ አይደመር፣ በሚቀጥለው ወር ይሞክር። ማንም በዚህ ሊያፍር አይገባም፤ ምክንያቱ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ ምሳ ላይ የተበላ ሚጥሚጣም ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ስብሰባዎች መንትዮቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ከመካከላችሁ ቢወጣ ግን ትልቅ ሀብት አገኛችሁ።

ከዚህም የሚቀል ሌላ ፈተና አለ። ለእያንዳንዱ ሦስት ብርጭቆ ስጡት፤ ሁለቱ አንድ ወይን፣ ሦስተኛው ሌላ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ የተለየው የቱ ነው? በግምት ብቻ ከሦስት ሰው አንዱ ያገኘዋል። ስለዚህ ከስምንታችሁ ሦስትና አራት ሰው ማግኘቱ ምንም አይናገርም፤ አምስትም ቢሆን ያጠራጥራል፤ ስድስት ሰው ካገኘው ግን በዕድል ነው ለማለት ይከብዳል። የመጀመሪያውን ሙከራ በፖያኩና በተራው ቦርዶ አድርጉት። ሁለቱን መለየት ካልቻላችሁ የቱ ይበልጣል ብሎ መከራከር አይቻልም። ከለያችሁ በኋላ ነው የምርጫ ጥያቄ የሚመጣው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ማታ ልመለስ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጥብስ እየበላችሁ እንደቀመሳችሁ፣ ቀጂው የቤቱ ባለቤት እንደነበረና እሱም ደረጃ እንደሰጠ ጽፈዋል። ባለቤቱ የቱ የት እንዳለ እያወቀ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ቅምሻው ስውር መሆኑ ያኔውኑ ቀረ። ሰውየው ምንም ሳይናገር ፊቱ ይናገራል፤ ብርጭቆውን ሲያቀብል እጁ ትንሽ ይዘገያል፤ ስለ አንዱ ወይን አስተያየት ሲሰጥ ዓይኑን ይሰብራል። ጓደኛ ደግሞ የጓደኛውን ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ጋዜጣውም አይሸፍንም። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻው ቀጥ ያለ ነው፤ የቡርጎኝና የሮን ጠርሙስ ትከሻው ይንሸራተታል። በጋዜጣ ተጠቅልሎ እንኳ ዤቭሬውንና ሻቶኔፉን ከሌሎቹ በቅርጻቸው መለየት ትችሉ ነበር። ሁሉንም ወደ ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ ወይም ታጥበው ወደ ደረቁ አንድ ዓይነት ባዶ ጠርሙሶች ገልብጡ። ኮዱ ባለ ሦስት አሃዝ ይሁን፤ 1 ወይም «ሀ» የተጻፈበት ብርጭቆ ሳይቀመስ ሞገስ ያገኛል። ቅደም ተከተሉም ለየሰው ይለያይ፣ በዕጣ። ሁሉም ሰው ፖያኩን ዝዋዩ ከተቀመሰ በኋላ የቀመሰው ከሆነ ልዩነቱ የወይኑ ነው ወይስ የተራው ብሎ መለየት አይቻልም።

ጥብሱን በተመለከተ፣ ከቅምሻው በኋላ ይድረስ። በርበሬና ሚጥሚጣ ምላስን ሲያቃጥሉ አልኮሉ የበለጠ ይሰማል፣ የወይኑ ምሬትና አፍ ማድረቁም ይጎላል። በዚህ የሚጎዳው መጀመሪያ ታኒን (ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣ፣ አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር) የበዛበት ወይን ነው፤ ከስድስቱ ደግሞ ታኒን የበዛበት ፖያኩ ነው። በቅምሻው ጊዜ ጥቁር አዝሙድ የሌለበት ዳቦና ውኃ ይበቃል። ዕጣንና ቡና ሳሎኑ ውስጥ ከሆኑ ሌላ ክፍል ግቡ። ብርጭቆዎቹ ቡፌ ውስጥ ከርመው ከሆነ በባዶው አሽትቷቸው፤ የእንጨትና የቀለም ሽታ ይይዛሉ። በላርጎ ታጥበው በደንብ ካልተለቀለቁም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን የፒኖ ኗርን (ዤቭሬ የሚሠራበት የወይን ዝርያ) ያህል ስስ መዓዛ ያለው ወይን በላርጎ ሽታ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር አይቻለሁ፣ ያናድዳል።

ከሁሉ በላይ የጎዳችሁ ግን ብርዱ ይመስለኛል። ሐምሌ ማታ ለገጣፎ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር 14 ወይም 15 ዲግሪ ቢያሳይ አይገርመኝም። እንዲህ ያለ ሙቀት ለዤቭሬ ሻምበርታን ጥሩ ነው፤ ፒኖ ኗር ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ይወዳል። ለፖያክ ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ መዓዛው ወደ ላይ አይወጣም፣ ታኒኑ ግን አፍ ላይ ይሻክራል። ሰው የሚያገኘው የወይኑን ጥሩውን ሳይሆን ሸካራውን ይሆናል። ፍሬው የበሰለ፣ ታኒኑ የለሰለሰ ወይን ደግሞ በዚያው ብርድ ብዙም አይጎዳም፤ የዝዋዩ የቆመው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ለቦርዶ 17 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ጠርሙሱን እሳት አጠገብ አታስጠጉ፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ ይዞ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይበቃል።

በዚህ ላይ ወይኑ ገና ልጅ ነው። ፖያክ የቦርዶ ግራ ዳር ነው፤ በጂሮንድ ዳርቻ፣ በሜዶክ ጠጠራማ መሬት ላይ፣ በዋናነት ካበርኔ ሶቪኞን ከሚባለው የወይን ዝርያ ይሠራል። የካበርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ ብዙ ነው። 2016 በቦርዶ ካለፉት ዓመታት ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ የምርት ዓመት ጥሩ የፖያክ ሻቶ (ወይን አምራች ቤት) ሲያገኝ ወይኑ ለአሥርተ ዓመታት እንዲቆይ ሆኖ ይወለዳል። በዚህ ዕድሜው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል፤ ጠንካራና ዝምተኛ ይሆናል። ከፍታችሁ ወዲያው ቀዳችሁት? ለሁለትና ለሦስት ሰዓት በማንቆርቆሪያ አየር ማግኘት ነበረበት። ሴንት ኤሚሊዮን በቀኝ ዳር፣ በሸክላና በኖራ ድንጋይ መሬት ላይ በአብዛኛው ከሜርሎ ስለሚሠራ ቶሎ ይለሰልሳል። በእናንተ ደረጃ ከሻቶኔፉ ጋር እኩል ሆኖ ከፈረንሳዮቹ ፊት መሰለፉ ቁጥሩ ምንም ባያረጋግጥም አይገርምም።

ስለ ፎርጅድ ባጭሩ። የታወቁ የወይን አጭበርባሪዎች የሚያተኩሩት በጨረታ በሚሸጡ እጅግ ብርቅ ጠርሙሶች ላይ ነው። ቡሹን ካልጣላችሁት ተመልከቱት፤ የሻቶው ስምና የምርት ዓመቱ ታትሞበት ከሆነና ከሌብሉ ጋር ከተስማማ ይህን ጥርጣሬ ተዉት። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ቡሹ ራሱ ነው። ቲ.ሲ.ኤ. የሚባል ንጥረ ነገር ቡሽ ውስጥ ሲኖር ወይኑን እርጥብ ካርቶን፣ ሻጋታ የነካው ጆንያ እንዲሸት ያደርገዋል። በሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ይበቃዋል። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ የባሰ ያታልላል፤ ምንም አይሸትም፣ የወይኑን ፍሬ ብቻ ያጠፋዋል፣ ሰውም «ይህ ውድ ወይን ባዶ ነው» ይላል። ሌላው አደጋ መንገዱ ነው። ወይናችን በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወደብ ኮንቴይነር ውስጥ የቆየ ወይን የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል፣ ቡሹም ከጠርሙሱ አፍ ትንሽ ገፋ ብሎ ወይን ያፈሰሰበት ምልክት ይኖረዋል። ቀጂው ዳኛ አይሁን ያልኩት ለዚህም ነው፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ አስቀድሞ አሽትቶ የተበላሸውን ከውድድሩ ያወጣል።

ከፍታውን ያነሳው ወንድማችን አስተሳሰቡ ጥሩ ነው፣ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ግፊት ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የአውሮፕላኑ አየር እጅግ ደረቅ መሆኑ ነው። አልኮልና መዓዛ እዚህ በቀለለ ይተናሉ፣ ስለዚህ የተቀዳ ብርጭቆ ረጅም ጊዜ ባይቀመጥ ይመረጣል። ነገር ግን ከፍታው በስድስቱም ብርጭቆ ላይ እኩል ነው የሚሠራው። ሁሉንም እኩል የሚነካ ነገር አንዱን አንደኛ፣ አንዱን መጨረሻ የሚያደርግበትን ምክንያት ሊሰጠን አይችልም።

ዋጋን በተመለከተ ልብ ሊባል የሚገባው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣና ከ6,000 በላይ ስውር ቅምሻዎችን የሰበሰበ የአሜሪካ ጥናት፣ በወይን ያልሠለጠኑ ሰዎች ዋጋውን ሳያውቁ ሲቀምሱ ውዱን ከርካሹ አብልጠው እንደማይወዱ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ርካሹ እንደሚያደሉ አሳይቷል። በሠለጠኑት ላይ ግን ዝንባሌው ወደ ውዱ ነው። የታላቅ ፖያክ ዋጋ የሚከፈለው ዛሬ አፍ ላይ ለሚሰጠው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ለማርጀት ችሎታው፣ ለመሬቱ ጥበት፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለወጣው ደረጃ ስምም ነው። ያ ደረጃ ሲወጣ መለኪያው የገበያ ዋጋና ዝና ነበር እንጂ ስውር ቅምሻ አልነበረም። ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከታወቁት ለውጦቹ አንዱ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛ እርከን መውጣቱ ነው። እዚህ ላይ የእኛን ቀረጥና ኤክሳይስ ታክስ፣ የውጭ ምንዛሬውንም ጨምሩበት፤ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያለው ዋጋ ስለ ጠርሙሱ ይዘት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ሌብል ላይ «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የሚለውም የጥራት ደረጃ አይደለም። «ሴንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» ደግሞ የአካባቢ ስያሜ ነው፤ «ግራን ክሩ ክላሴ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ሻጮችም አንዳንዴ ያምታቱታል።

የዝዋዩንም ለቀልድ አትያዙት። የካስቴልን ወይን እርሻ የመሠረተው የቦርዶ ቤተሰብ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተተክለውበታል፤ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ወጡ። ፀሐይ የጠገበ ፍሬ ያለው፣ ወጣትነቱ ላይ የሚጠጣ ወይን ነው። እንዲህ ያለ ወይን በቀዝቃዛ ምሽት፣ ከጥብስ ጋር፣ ገና ካልበሰለ ፖያክ ይልቅ ደስ ቢያሰኝ ማንም ሊደነቅ አይገባም። ግንቦት 24 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ላይ ባዘጋጀው ስውር ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያን ስታግስ ሊፕ 1973 ከሙቶን ሮትሺልድ 1970 በላይ አስቀመጡት። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነበር፤ ዓለም ያስታወሰው ግን ደረጃውን ነው። «የፈረንሳዮቹ ሲያረጁ ይበልጣሉ» ተብሎ ከ30 ዓመት በኋላ ሲደገም አሁንም ካሊፎርኒያዎቹ ከፊት ሆኑ፤ በዚያ ጊዜ አንደኛ የወጣው ግን ስታግስ ሊፕ ሳይሆን የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ነበር። እኔ ከሁለቱ ቅምሻዎች የማነበው ይህን መለዋወጥ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፤ ዤቭሬን ከሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ጋር ማወዳደር አይጠቅማችሁም። አንዱ ስስ ፒኖ ኗር ነው፤ ሌላው በደቡብ ሮን ሙቀት ከግሬናሽና ከሌሎች ዝርያዎች የሚሠራ፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ የሚያልፍ ወይን ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ስለ እናንተ ምርጫ እንጂ ስለ ወይኖቹ ምንም አያስተምርም። ስብሰባችሁን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሥሩት። አንዱን ማታ ግራ ዳርና ቀኝ ዳር ቦርዶ ብቻ፣ የአንድ ዓመት ምርት። ሌላ ማታ አንድ ሻቶ በሦስት የተለያዩ ዓመታት። ሌላ ማታ የሰሜን ሮን ሲራ፣ ክሮዝ ኤርሚታዥ ወይም ኮርናስ፣ ከዝዋዩ ሲራ ጋር።

በእነዚህ ምሽቶች ደረጃ ከመስጠት በፊት የሚታወቅ ምልክት ፈልጉ። እኛ ለዚህ ጥሩ አፍንጫ አለን፤ ከወጥ ቤታችን የተነሳ። ካበርኔ ሶቪኞንና ካበርኔ ፍራን ሙሉ በሙሉ ሳይበስሉ ሲለቀሙ ፓይራዚን ከሚባል ንጥረ ነገር የተነሳ የተሰነጠቀ ጥሬ ቃሪያ ይሸታሉ። በፈረንሳይ ሎዋር ከካበርኔ ፍራን የሚሠራው ሺኖን ላይ በደንብ ታገኙታላችሁ። ሲራ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሮታንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር በወይኑም በቁንዶ በርበሬውም ውስጥ እንዳለ አሳይተዋል። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህን ንጥረ ነገር ጨርሶ አያሸተውም። ስለዚህ ከስምንታችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰው «ምንም ቁንዶ በርበሬ የለም» ቢል እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ልታሳምኑት አትሞክሩ። ለሮታንዶን አፍንጫው ዝግ የሆነ ሰው ለሌላው ከሁላችሁ የሠላ ሊሆን ይችላል። ለእህታችንም የምለው ይህንኑ ነው። በየትኛው ሽታ ላይ እንደምትበረታ ገና አልተሞከረችም።

ማስታወሻ ስትይዙ ዝም ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ሳይሰበሰብ አንድ ሰው «እኔ ቼሪ ይሸተኛል» ካለ ሰባቱም ቼሪ ያሸታሉ። ቀለሙም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች በማይሸት ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ተሰጥቷቸው በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። ከተቻለ መብራቱን ቀነስ አድርጉ ወይም ጥቁር ብርጭቆ ፈልጉ። መትፊያም ይቀመጥ፤ ስድስት ብርጭቆ እየዋጡ የመጨረሻውን በትክክል መመዘን አይቻልም፣ ከዚያም በለገጣፎ መንገድ በሌሊት መኪና የሚነዳ አለ።

ሁለተኛውን የፖያክ ጠርሙስ አሁን አትክፈቱት። ከኩሽና አርቁት፣ ፍሪጅ አናት ላይም አይሁን፤ የፍሪጁ ሙቀትና ንዝረት ይጎዳዋል። ፀሐይ የማያገኘውን፣ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ብዙም የማይለዋወጠውን የቤቱን ክፍል ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ በሰሜን በኩል ያለው ዕቃ ቤት ወይም የደረጃው ሥር ይስማማል። ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድማችሁ አስቀምጡት። ከ2030ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በፊት ባትነኩት እመርጣለሁ። ልትከፍቱት ስትሉ ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ወደ ታች ይውረድ። በዕለቱ ቀስ ብላችሁ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጡና አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። በዚያ ዕድሜው አንድ ሰዓት አየር ይበቃዋል፤ 17 ዲግሪ ላይ፣ ጥብሱ ከመምጣቱ በፊት ቅዱት።